የጋሼ ሦስተኛ

«ዶክተር ማለት» የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛ ነን። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለእሷ ግን መልአክ መድከም አላስፈለገውም። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ ታደርግና «ማለት?» ትላለች። ሬዚደንቱ «ታካሚው ደህና ነው» ሲላት፣ «ደህና ማለት?» ነርሷ «ትንሽ ደምቶ ነበር» ስትላት፣ «ትንሽ ማለት?» አንድ ቀን እኔው ራሴ «ሻይ አሁን ይመጣል» ብያት «አሁን ማለት?» ስትለኝ፣ ሻዩ ሲመጣ ከነትሪው ልደፋባት ምንም አልቀረኝም።

እኔ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጸሐፊ ነኝ። ቢሮዬና መሰብሰቢያ ክፍሉ በአንድ በር ይገናኛሉ። በሩ ማጠፊያው ስለላላ አይገጥምም፤ ይጠገን ብዬ ያልጻፍኩበት ጊዜ የለም፣ የሚሰማ ግን የለም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ያዝኩም አልያዝኩም እዚያ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከሐኪም ጋር ይህን ያህል ዘመን ተቀምጦ የላይ መንጋጋንና የታች መንጋጋን የማይለይ ሰው፣ ሰው ሳይሆን ወንበር ነው።

ዶክተር ማለት ቀጭን ናት፤ ስትራመድ የሚያባርራት ያለ ይመስላል። ከቆቧ ሥር ሁልጊዜ አንድ ዘለላ ሽበት ያመልጣታል። ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። እናቷ አብረዋት ይኖራሉ፤ ያን ያህል ተምራ፣ ያን ያህል ሰው ቀድዳ ሰፍታ፣ እናቷ ዛሬም «አንቺ ልጅ» ነው የሚሏት። እኔ በዕድሜ ስለምበልጣት «እትዬ» ትለኛለች። ሲከፋት የምትመጣው ወደ እኔ ቢሮ ነው፤ የሚከፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው።

ስለ እሷ ለመናገር ስለ ጋሼ መናገር ግድ ነው። ክፍሉን ከአንድ የጥርስ ወንበርና ከአንድ ባልዲ ጀምረው ያቆሙት ጋሼ ናቸው። ትልቅ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ግን ፕሮፌሰር ብሎ የሚጠራቸው የለም፣ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ጋሼ ነው የሚላቸው። የሳቸው ሀብት ድምፃቸው ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ ሲናገሩ እኔ ቢሮ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ሲያስተምሩ ማይክሮፎን ነክተው አያውቁም። ታካሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ቀልድ ይጀምሩለታል፤ ቀልዱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መርፌው ገብቶ ወጥቷል። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ሳምንት በሳምንት እየመጡ ያስተምሩ ነበር፤ ወንበር የጠበበባቸው ተማሪዎች መስኮት ላይ ተቀምጠው ይሰሟቸው ነበር።

የላይ መንጋጋ ቀዶ ሕክምናን እዚህ ያስተማሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ስሙም የሳቸው ሆነ። «የጋሼ አንደኛ» ከተባለ ጥርሶቹ የተተከሉበት የአጥንት ጠርዝ ብቻ ይነሳል። «የጋሼ ሁለተኛ» ከተባለ ጠርዙና የላንቃው አጥንት ግማሽ። «የጋሼ ሦስተኛ» ትልቁ ነው፤ ከዓይን ሥር ጀምሮ ግማሹ የላይ መንጋጋ ይነሳል፣ ከኋላ በጉሮሮ በኩል የተንጠለጠለው ለስላሳው ላንቃ ግን አይነካም። ለስላሳውን ላንቃ ጋሼ «የንግግር መጋረጃ» ይሉታል። እሱ ካለ ቀዳዳው በሰው ሠራሽ ላንቃ ይደፈንና ሰውየው ይበላል፣ ይናገራል፣ ይጨቃጨቃል። እሱ ከሄደ ውሃውም በአፍንጫ ነው፣ ቃሉም በአፍንጫ ነው።

ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም። ጋሼ በእጃቸው አሳዩ፣ ያዩት ለሌላው አሳዩ፣ አለቀ። አዲስ መጥቶ የጠየቀ ካለ መልሱ አንድ ነው፤ «የታወቀ ነው።» በዚህ ክፍል ውስጥ እንደዚህች ቃል ጨጓራዬን የላጠው ነገር የለም።

አንድ ቀን ከሌላ ከተማ ሆስፒታል አንድ ሐኪም ስልክ ደወለ። «እትዬ፣ ከእናንተ ዘንድ የተላከች ታካሚ አለችኝ። ወረቀቷ ላይ ‹የጋሼ ሁለተኛ ተሠርቶላታል› ይላል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጋሼ ማን ናቸው?» አለኝ። እኔ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ምን እንደተነሳላት ስላልገባቸው ሴትዮዋን እንደገና አደንዝዘው፣ ከፍተው ማየት ነበረባቸው። ዶክተር ማለት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ወረቀት እየፈረመች ስለነበር ስልኩን ተቀበለችኝ። አዳመጠች፣ አመሰገነች፣ ዘጋች።

«የቆረጥነው እኛ፣ ምን እንደቆረጥን መናገር ያቃተን እኛ» አለች። «እትዬ፣ ይሄ ነገር እንዲህ አይቀጥልም።»

እንዲህ ሆኖ ኮሚቴው ተቋቋመ። ሐሳቡ ለሕፃን ይገባል። እያንዳንዱ የአፍ ቀዶ ሕክምና አንድ ስም ይኑረው፤ ከስሙ ሥር ምን እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚቀር፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ ይጻፍ፤ ይህ ሆስፒታልም ያኛውም በዚያው ስም ይጥራው። ከዚህ በላይ ቀላል ነገር ምን አለ? ኧረ ቀላል! እኔም ሞኟ «በወር ውስጥ ያልቃል» ብዬ አዲስ ፋይል ከፈትኩ።

አንድ ሙሉ ረፋድ «መቁረጥ» ይባል ወይስ «ማንሳት» በሚለው አለቀ። አንዱ «መቁረጥ በሽተኛ ያስፈራል» ይላል፤ ሌላው «ማንሳትስ ከመሬት ነው?» ይላል፤ ሦስተኛው ተነስቶ «ማስወገድ» ሲል ሁለቱ ታርቀው በእሱ ላይ ዘመቱበት። በሌላ ቀን «ጥርስ መንቀል» እና «ጥርስ ማውጣት» ተፋጠጡ፤ አንድ ሽማግሌ ሐኪም «ሚስማር ነው የሚነቀለው!» ብለው ኮታቸውን አንስተው ወጡ። የፈረንጁ ቃል እንዳለ ይቀመጥ የሚል ነበር፣ አይሆንም ይተርጎም የሚል ነበር፣ ስብሰባው ለምን እንደተጠራ የማያውቅም ነበር። እኔ እተይባለሁ፣ እነሱ ያፈርሳሉ። በማግስቱ ያፈረሱትን እተይባለሁ፣ ያንኑ መልሰው ይጠግናሉ። ውሃ ወቀጣ!

ዘናጩ የምንለው ሐኪም ደግሞ ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከሐኪሞቹ ሁሉ እጁ የተዋጣለት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሸሚዙ መስመር እንደተሰመረበት ነው፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል። ወንበር ስቦ ይቀመጥና፣ «ወገኖቼ፣ የሚቆርጠው ቢላ እንጂ ቃል አይደለም» ይላል። ያስቃቸዋል። ዶክተር ማለት አትስቅም።

የክብር ሰብሳቢው ጋሼ ነበሩ። ውይይቱ የላይ መንጋጋ ላይ በደረሰ ቁጥር ፈገግ ብለው፣ «እንግዲህ ከነነፍሴ ልትቀብሩኝ ነው!» ይላሉ። ያ ድምፅ፣ ያ ሳቅ! ማን ይከራከራቸዋል? ሁሉም ይስቃል፣ የላይ መንጋጋ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል። «የላይ መንጋጋ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከብዛቱ የተነሳ ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ይጽፉት ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

አንድ እሑድ የምትፈርመው ወረቀት ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ባሏ እጁን በሳሙናና በአሸዋ እያሸ ግሪሱን ያስለቅቃል። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ «እትዬ፣ እስኪ ይፍረዱ» አለኝ። «እኔ ጋራዥ ውስጥ ረዳቴን አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብለኝ ስለው አሥራ ሦስት ነው የሚያቀብለኝ። የአያ እከሌን ቁልፍ አምጣ አልለውም። እናንተ ሰው ላይ ነው እንዴ እንዲህ የምትጫወቱት?»

«ብሎን ኩራት የለውማ» አለች እሷ ከጠረጴዛው ሳትነሳ።

እናቷ ከሶፋው ጥግ ሆነው ሰሙ። «አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌውን አታስቀይሚ። ያጎረሰሽን እጅ አትንከሺ።»

«እጃቸውን አልነከስኩም እማዬ። እጃቸው የሠራውን ጻፉልን ነው ያልኳቸው!» ድምጿ ከፍ ብሎ ስለነበር እናቷ ደነገጡ። ከዚያ እሷም አፈረች መሰለኝ፣ ተነስታ የእናቷን ትከሻ ሳመች። ወረቀቱን ግን ሳላስፈርማት ረስቼው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ጋሼ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው የመጡት። ራሳቸው በመስታወት አይተው ነው ያገኙት፤ በላይ መንጋጋቸው ፊት ለፊት፣ ከድዳቸው በላይ እብጠት ነበር። ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ ክፉ ሆኖ ተመለሰ። በማለዳው ስብሰባ የራጅ ፊልማቸውን ግድግዳው ላይ አስበርተው፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ታካሚው እኔ ነኝ» ብለው ጀመሩ። ሳይንተባተቡ ዘረዘሩት፤ እብጠቱ ከፊት ነው፣ የኋላው ንጹሕ ነው። ከዚያ ወደ ዘናጩ ዞሩ።

«አንተ ነህ የምትሠራልኝ። ሦስተኛዬን ሥራልኝ። ክረምቱ ሳይወጣ እዚህችው ቦታ ቆሜ አስተምራለሁ።»

«የታወቀ ነው ጋሼ» አለ ዘናጩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

በማይገጥመው በር በኩል አየኋት፤ መነጽሯ ወደ ግንባሯ ሄደ። «ሦስተኛ ማለት፣ ጋሼ?»

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ ራሴ ከወለድኩት ከሦስተኛ ጋር ልታስተዋውቂኝ ነው? ኧረ ዛሬ እንኳ ተይኝ!» ሁሉም ሳቀ። ከፍርሃት የወጣ ሳቅ ስለነበር ቶሎ አላቆመም። እሷ እንደገና አፏን ስትከፍት ወንበሮች መንኳኳት ጀምረው ነበር።

የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጋሼ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ሦስተኛውን ሲሠሩ ለስላሳውን ላንቃም ማንሳት ጀምረው ነበር። መጀመሪያ በሽታው እስከዚያ ለደረሰበት ሰው ነበር፣ ያ ተገቢ ነው። ከዚያ «ለማንኛውም ለጥንቃቄ» ሆነ። ከዚያ አንዱ ሌላውን እያየ ደንብ ሆነ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው። ስሙ ግን ያው የጋሼ ሦስተኛ ነው። ጋሼ ራሳቸው ቢላ ካስቀመጡ ስለቆዩ፣ የሳቸው ሦስተኛ ከሳቸው ተለይቶ ለብቻው ማደጉን አላወቁም።

ዘናጩን ኮሪደር ላይ ሮጣ ደረሰችበት። እኔም ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ነበርኩ።

«ለስላሳውን ላንቃ ትተውላቸዋለህ አይደል?»

«ዶክተር፣ ሦስተኛ ነው የተባልኩት። ሦስተኛ እሠራለሁ።»

«እኮ! ያንተ ሦስተኛ ላይ ለስላሳው ይቀራል ወይስ ይነሳል?»

«የታወቀ ነው!»

«ለማን ነው የታወቀው?»

ዘናጩ ፊቱ ቀላ። «ከራሳቸው አንደበት የወጣ ነው። አንቺ ኮሚቴሽን እዚያው ኮሚቴሽ ጋ። ነገ ያሳደጉኝን ሰው ነው የምቆርጠው፤ ዛሬ በጭቅጭቅ እጄን ልታንቀጠቅጪው ነው?» ብሏት ሄደ። ሽቶው ብቻ ቀረ።

ያን ዕለት ከሰዓት ጋሼ ወደተኙበት ክፍል አብረን ገባን። ባለቤታቸው ብርቱካን ይልጣሉ፤ ጋሼ ትራስ ተደግፈው ጋዜጣ ያነባሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ። ለስላሳውን ላንቃ እንዳይነካ በራስዎ አፍ ይንገሩት።»

«ሦስተኛ ብዬዋለሁ እኮ።»

«ልጆቹ አሁን ሦስተኛ የሚሉት የእርስዎን ሦስተኛ አይደለም።»

ጋዜጣውን አጠፉት። «የእኔ ልጆች የእኔን ሥራ አያውቁም እያልሽኝ ነው?»

«ቀይረውታል ነው የምልዎት።»

«ማን ፈቅዶላቸው?»

«ማንም! ስላልተጻፈ የማንም ፈቃድ አላስፈለጋቸውም።»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተቆጥተው ነው ልበል፣ ፈርተው ነው ልበል፣ አላውቅም። ባለቤታቸው ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ነገ ለሚቆረጥ ሰው እንዲህ ይባላል? በይ እስኪ ይረፉበት» አሏት። የተላጠውን ብርቱካን አንድ ፍልቃቂ ለእኔ፣ አንድ ፍልቃቂ ለእሷ ሰጥተው ሸኙን። እንዲህ ተደርጎ ሲሸኙህ ምን ትላለህ?

ሊፍቱ ውስጥ ቁልፉን በቡጢ መታችው። «ለምንድን ነው ሁሉም ነገር የክብር ጉዳይ የሚሆነው? አንድ ጥያቄ እኮ ነው የጠየቅኩት!» ብርቱካኗ በሌላው እጇ ውስጥ ተጨምቃ ጭማቂው በክርኗ ይወርዳል።

«አንቺው ለምን አትሠሪላቸውም?» አልኳት።

«ለምኛቸው ነበር። ‹በልጄ እጅ አልቆረጥም፤ ቢላው ሳይነካኝ ታለቅሺብኛለሽ› አሉኝ።»

በማግስቱ ከጋሼ ባለቤት ጋር ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ዘናጩ ጭንብሉን ወደ አገጩ አውርዶ፣ ላብ ያጠመቀው ግን ደስ ያለው ሆኖ ወጣ። «ንጹሕ ነው! ዳር ዳሩ ሁሉ ንጹሕ ነው!» ብሎ የጋሼን ባለቤት አቀፋቸው።

«ለስላሳው?» አለች ዶክተር ማለት።

«ከነለስላሳው ነዋ። ሦስተኛ አይደል?» አለ፣ ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት።

እንደ ቆመች ቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እኔ ደሜ ፈልቶ ልናገር ስል ክንዴን ያዘችኝና፣ «ሚስታቸው ደስ ብሏቸዋል፤ ዛሬን ተዪአቸው» አለችኝ።

የምግብ ቱቦው ወጥቶላቸው የመጀመሪያውን ጉንጭ ውሃ ሲጠጡ ውሃው በአፍንጫቸው ወረደ። ሊናገሩ ሞከሩ፤ የወጣው ንፋስ ነበር። ያ ብርጭቆ ያንቀጠቅጥ የነበረ ድምፅ ከተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደሚሰማ ራዲዮ ሆነ፤ ሰው እየተናገረ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ምን እንደሚል ግን አታውቅም። ወረቀት አስመጡ። ላንቃ ሳሉ፤ እንደ ድሮው ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚስሉት ነው፣ እጃቸው አልተበላሸም። መነሳት ያለበትን በመስመር አጠቆሩ፣ ለስላሳውን ነጭ አድርገው ተዉት፣ ነጩ ላይ ጥያቄ ምልክት አደረጉ።

ዘናጩ አልጋው እግር ሥር ቆሞ ነበር። «ሦስተኛ ነው ጋሼ። እንዳሉኝ ነው የሠራሁት።»

ጋሼ ከሥዕሉ ሥር «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው ጻፉ።

ዘናጩ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ መስኮቱን አየ። ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ አይደለም። ካስተማረው ሰው እንደተማረው ነው የሠራው፤ ያ ሰው ደግሞ ከጋሼ ነው የተማረው። እጁ አንድ ስህተት አልሠራም። አንጀቴን ያሳረረውም ይኸው ነው፤ ልጮህበት የምችለው ሰው አጣሁ።

ሰው ሠራሽ ላንቃ የሚሠራው ባለሙያ ልክ እየወሰደ፣ እየሞረደ፣ እንደገና ልክ እየወሰደ ለፋ። የፊቱን ቀዳዳ ደፈነላቸው፤ ምግቡ መለስ አለ። የኋላው ግን የሚንቀሳቀስ ሥጋ ነበር፣ ፕላስቲክ አይንቀሳቀስም። ክረምቱ ወጣ፣ ጋሼም አላስተማሩም። ተማሪዎች አበባ ይዘው ይመጣሉ፤ ጋሼ ይናገራሉ፤ ልጆቹ ምንም ሳይገባቸው «እሺ ጋሼ፣ የታወቀ ነው ጋሼ» እያሉ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እሳቸው ሲስቁ አብረው ይስቃሉ። ዶክተር ማለት እዚያ ክፍል ገብታ መቆየት አልቻለችም፤ ገባ ብላ ቁስላቸውን አይታ ትወጣለች።

ከዚያ ኮሚቴው ተጠራ። አጀንዳው እንግዲህ ያው የላይ መንጋጋ ነው። ጋሼ ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም፤ መጡ። ሱፋቸውን ለብሰዋል፣ የሸሚዙ ክሳድ ሰፍቷቸዋል። ሁሉም ተነስቶ ቆመ።

ዘናጩ እጁን አወጣ። ያን ቀን ሽቶ አልተቀባም ነበር። «እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ» አለ። «ለጋሼ ክብር ሲባል፣ የጋሼ አንደኛ፣ የጋሼ ሁለተኛ፣ የጋሼ ሦስተኛ የሚሉት ስሞች ለዘለዓለም በይፋ ይመዝገቡ።» ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ያጨበጨቡት ከልባቸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ በሆዴ ተናደድኩ፤ ያጠፉትን በስም ሊክሱ!

ጋሼ ተነሱ። ጭብጨባው ቆመ። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብኩላቸው፤ በእጃቸው ጀርባ ገፉት። መናገር ነው የፈለጉት። ተናገሩም፤ ረጅም ነበር፣ ከአፍንጫቸው እየወጣ፣ እየተቆራረጠ። አንድ ቃል አልያዝኩም። ዙሪያውን ሳይ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። አንዱ ዓይኑን ይጠርጋል። «እናመሰግናለን ጋሼ!» አለ ዘናጩ። እንደገና ተጨበጨበ። ስብሰባውን የሚመራው ሰው፣ «እንግዲህ ጋሼም ስለተስማሙ ወደሚቀጥለው ነጥብ…» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፣ ጻፊ ለማለት።

ጋሼ አልተቀመጡም። እጃቸው እንደተነሳ ነው፣ አንዳችንን ከአንዳችን እያፈራረቁ ያዩናል።

«ማለት፣ ጋሼ?»

እሷ ናት። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሰደበቻቸው ይመስል ወደ እሷ ዞረ። አንዱ በጥርሱ መሐል «ኧረ ነውር ነው!» አለ።

«አልገባኝም» አለች፣ ለሰውየው ሳይሆን ለጋሼ። «አንዳችንም አልገባንም። እባክዎ ይድገሙልኝ።»

ጋሼ ትንፋሽ ሳቡ። ደገሙ። «ስም? ስም ነው ያሉት?» በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ደገሙ። «ስሜን… ስሜን አቆዩ?» ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ አይደለም። እሷ ከወንበሯ ተነስታ አጠገባቸው ሄደች፣ ጆሮዋን ሳይሆን ዓይኗን ከንፈራቸው ላይ አደረገች። እንዲህ ሆነው ቃል በቃል፣ እሳቸው እየሰበሩ፣ እሷ እየገጠመች፣ ሄዱ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ፤ ሌላ የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። ሲያልቅ ወደ እኛ ዞራ ጮክ ብላ ተናገረችው፤

«‹ስሜን ሰርዙት። ምን እንደተቆረጠና ምን እንደቀረ ጻፉ።› ነው ያሉት። ትክክል ነኝ ጋሼ?»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና ተቀመጡ። ዘናጩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ድምፅ ተሰጠ። ተቃዋሚ አልነበረም፤ «መቁረጥ» ነው ወይስ «ማንሳት» ብሎ የተነሳም የለም። ዓመታት የፈጀው ነገር ሻይ እስኪቀርብ ባለው ጊዜ ውስጥ አለቀ። የላይ መንጋጋ ለሚቀጥለው ስብሰባ አልተላለፈም። ደስ ይላት ይሆናል ብዬ አየኋት። የጸደቀውን ወረቀት ይዛ ጋሼ ወንበር አጠገብ ቆማለች፤ ፊቷ ግን እንደ ተቆጣ ሰው ነው።

«ያን ቀንም የጠየቅኩዎት ይህንኑ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለች። ድምጿ መሐል ላይ ተሰበረ።

ጋሼ እጇን ያዙና አንድ ነገር አሉ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ እሷም «ማለት?» ብላ አልጠየቀቻቸውም።